የነርስነት ፈቃድ በፌዴሬሽን አገር፤ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ስለ መዛወሩ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። የነርስነት የሥራ ፈቃድ ከግዛት ወደ ግዛት እንዴት እንደሚዛወር ለማወቅ የሚፈልግ ሰው፣ አስቀድሞ የፌዴሬሽን አስተዳደር ምን እንደ ሆነ ማስተዋል ይገባዋል። በፌዴሬሽን በሚተዳደር አገር ሥልጣን በሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ክፍል ለማዕከላዊው መንግሥት፣ ሌላው ክፍል ለግዛቶቹ ይሰጣል። የአገር መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይና የገንዘብ ነገር የማዕከላዊው መንግሥት ድርሻ ሲሆኑ፣ የሕዝቡን ጤናና ደኅንነት በየዕለቱ መጠበቅ ግን በብዙ ስፍራ ለግዛቶቹ የተተወ ነው። ከዚህም የተነሣ በአንድ አገር ውስጥ፣ በአንድ ሰንደቅ ዓላማ ሥር፣ አንድ ሙያ በብዙ ሕጎች ሲተዳደር ይታያል።

ለዚህ ነገር ግልጽ ምሳሌ የምትሆነው ዩናይትድ ስቴትስ አሜሪካ ናት። በዚያች አገር ከአፍሪካ ቀንድ የሄዱ ብዙ ወንዶችና ሴቶች በነርስነትና በነርስ ረዳትነት ተሰማርተው ቤተሰባቸውን ያስተዳድራሉ፣ ዘመዶቻቸውንም ይረዳሉ። ከእነርሱም መካከል ለተሻለ ደመወዝ፣ ለጋብቻ ወይም ወደ ዘመድ ለመጠጋት ሲሉ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው የሚሄዱ አሉ። ቤቱን ለቅቆ፣ ዕቃውን ጭኖ፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አስወጥቶ የሄደ ሰው በአዲሱ ስፍራ «ፈቃድህ በዚህ አያሠራም» ቢባል፣ ፈቃዱ እስኪወጣ ድረስ ያለ ደመወዝ ለመቀመጥ ይገደዳል። ስለዚህ ሥርዓቱን ከመንገድ በፊት ማወቅ ይጠቅማል። ከዚህ ቀጥሎ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገነዘባል።

1ኛ/ ፈቃድ የሚሰጠው ማን ነው?

በዩናይትድ ስቴትስ «የአገሪቱ የነርስነት ፈቃድ» የሚባል ነገር የለም። ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ግዛት፣ በእነርሱ አጠራር እያንዳንዱ ስቴት ነው። በ1791 የጸደቀው የሕገ መንግሥቱ 10ኛ ማሻሻያ፣ ለማዕከላዊው መንግሥት ያልተሰጠና ለግዛቶቹም ያልተከለከለ ሥልጣን ለግዛቶቹ ወይም ለሕዝቡ የተጠበቀ መሆኑን ይደነግጋል። የሕዝብን ጤና መጠበቅም ከዚሁ ሥልጣን ይቈጠራል። በ1889 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የዌስት ቨርጂኒያን ግዛት በሚመለከት ክርክር በሰጠው ፍርድ፣ አንድ ግዛት ሐኪሞች ችሎታቸውን አስመስክረው ፈቃድ እንዲይዙ ማስገደድ እንደሚችል አረጋገጠ።

የነርሶች ሕግ የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። በ1903 ኖርዝ ካሮላይና ነርሶችን የሚመዘግብ ሕግ በማውጣት ከግዛቶቹ ሁሉ ቀደመች፤ በዚያው ዓመት ኒው ጀርዚ፣ ኒው ዮርክና ቨርጂኒያ ተከተሏት። እነዚህ የመጀመሪያዎቹ ሕጎች የጠበቁት «የተመዘገበች ነርስ» የሚለውን ስም ብቻ ነበር። ያልተመዘገበ ሰው በስሙ አይጠራ እንጂ፣ በሽተኛን በደመወዝ ከማስታመም የሚከለክለው አልነበረም። በ1938 ግን ኒው ዮርክ፣ በደመወዝ የሚያስታምም ሁሉ ፈቃድ እንዲኖረው የሚያስገድድ ሕግ ከሌሎቹ ቀድማ አወጣች። ከዚያ ወዲህ ፈቃድ የክብር ስም መሆኑ ቀርቶ የሥራ በር መክፈቻ ሆነ።

ዛሬ በየግዛቱ የነርሶች ቦርድ ወይም ይህን ሥራ የሚሠራ ሌላ መሥሪያ ቤት አለ። ቦርዱ ትምህርት ቤቶችን ይቈጣጠራል፣ ፈቃድ ይሰጣል፣ ያድሳል፤ ጥፋት ሲገኝም ያግዳል ወይም ይሰርዛል። እንደ ካሊፎርኒያ ባለው ግዛት ደግሞ ለተመዘገቡ ነርሶች አንድ ቦርድ፣ ዝቅ ባለው የነርስነት ደረጃ ለሚሠሩት ሌላ ቦርድ ተቋቁሟል።

2ኛ/ ፈተናው አንድ፣ ፈቃዱ ብዙ

በመጀመሪያው ዘመን እያንዳንዱ ግዛት የራሱን ፈተና ያዘጋጅ ነበር። ይህ ለተዘዋዋሪ ነርስ ከባድ ሸክም ነበረ። በ1944 ግዛቶች በጋራ የሚጠቀሙበት የፈተና ጥያቄ ክምችት ተጀመረ፤ በ1950ም ሁሉም ግዛቶች በዚሁ ፈተና መጠቀም ጀመሩ። የማለፊያውን ውጤት ግን እያንዳንዱ ግዛት ለራሱ ይወስን ስለ ነበር፣ በአንዱ ያለፈች በሌላው እንደ ወደቀች ልትቈጠር ትችል ነበር።

በ1978 የግዛቶቹ ቦርዶች ብሔራዊ ምክር ቤት አቋቋሙ። ምክር ቤቱም በ1982 ኤንክሌክስ የተባለውን ፈተና አስጀመረ፤ በ1994 ፈተናው በኮምፒዩተር መሰጠት ጀመረ፤ በ2023ም በበሽተኛ ሁኔታ ላይ የማመዛዘን ችሎታን ይበልጥ በሚመዝን መልክ ተሻሻለ። እንግዲህ በአንዱ ግዛት ይህን ፈተና ያለፈ ሰው ወደ ሌላው ሲሄድ እንደ ገና አይፈተንም። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ፈተናው ለሁሉም አንድ ስለ ሆነ ፈቃዱም አንድ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ፈተናው የችሎታ ማስረጃ ነው፤ ፈቃዱ ደግሞ በአንድ ግዛት ወሰን ውስጥ ለመሥራት የተሰጠ መብት ነው። ማስረጃው ከሰው ጋር ይጓዛል፤ መብቱ ግን በሰጪው ግዛት ወሰን ላይ ይቆማል።

3ኛ/ ፈቃድን በኢንዶርስመንት ማግኘት

በልማድ «ፈቃድ ማዛወር» ይባል እንጂ በእውነቱ የሚዛወር ወረቀት የለም። አዲሱ ግዛት የቀድሞውን ግዛት ምስክርነት ተቀብሎ የራሱን አዲስ ፈቃድ ይሰጣል። ይህ አሠራር ኢንዶርስመንት ይባላል፤ ትርጓሜውም አንዱ ቦርድ የሌላውን ሥራ አይቶ ማጽደቁ ነው።

አመልካቹ በመጀመሪያ ለሚሄድበት ግዛት ቦርድ ማመልከቻ ያቀርባል፣ ገንዘቡንም ይከፍላል። ሁለተኛ፣ የቀድሞው ፈቃድ በቀጥታ ከሰጪው ቦርድ እንዲረጋገጥ ያደርጋል። ለዚህ ብዙ ቦርዶች ነርሲስ የተባለውን የጋራ መዝገብ ይጠቀማሉ፤ በዚህ መዝገብ የማያረጋግጥ ቦርድ ቢኖር በራሱ መንገድ ምስክሩን ይልካል። አንዳንድ ቦርድ አሁን የሚሠራበትን ፈቃድ ብቻ ሳይሆን፣ ነርሷ መጀመሪያ በፈተና ያገኘችውን ፈቃድ ጭምር ስለሚጠይቅ፣ ከብዙ ዓመት በፊት የወጣው ፈቃድ ቍጥር ሳይቀር በማኅደር መቀመጥ ይኖርበታል። ሦስተኛ፣ የጣት አሻራ ተሰጥቶ የወንጀል መዝገብ ይመረመራል።

ከዚህ በላይ እያንዳንዱ ግዛት የራሱን ጭማሪ ሊጠይቅ ይችላል። ለምሳሌ ቴክሳስ ስለ ራሷ የነርስነት ሕግ የምትፈትነው ልዩ ፈተና አላት። ኒው ዮርክ ስለ ተላላፊ በሽታ መከላከልና በልጆች ላይ የሚደርሰውን በደል ለይቶ ስለ ማወቅ የተወሰነ ትምህርት ትጠይቃለች። ስለዚህ በአንዱ ግዛት የሠራውን ሰው ምክር ብቻ ይዞ ወደ ሌላው ማመልከት ወደ ስሕተት ይመራል፤ የሚሄዱበትን ግዛት ቦርድ መመሪያ ራሱን ማንበብ ያስፈልጋል።

ማመልከቻው ተመርምሮ እስኪያልቅ አንዳንዱ ግዛት ጊዜያዊ ፈቃድ ይሰጣል፤ አንዳንዱ አይሰጥም። ፈቃዱ በእጅ ሳይገባ፣ ወይም በቦርዱ መዝገብ ላይ ሳይታይ፣ አሠሪው ቢቸኩልም እንኳ በነርስነት ሥራ መጀመር አይገባም። ያለ ፈቃድ መሥራት በሕግ ያስቀጣል፤ ቅጣቱም በመዝገብ ሰፍሮ ለሌሎቹ ግዛቶች ስለሚታይ፣ በአንድ ሳምንት ደመወዝ ምክንያት የዕድሜ ልክ ሙያ ሊበላሽ ይችላል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

4ኛ/ ግዛቶቹ ያደረጉት ውል

ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል እየተዘዋወሩ የሚሠሩ ነርሶች በበዙበት፣ በስልክም በሽተኛን መምከር በተለመደበት ዘመን፣ በየወሰኑ አዲስ ፈቃድ መጠየቅ አስቸጋሪ ሆነ። ማዕከላዊው መንግሥት ሥልጣኑን ሳይወስድባቸው ችግሩን ለማቃለል ግዛቶቹ እርስ በርሳቸው ውል አደረጉ። ይህ የነርሶች ፈቃድ ውል በ2000 ሥራ ላይ ዋለ። የመጀመሪያው ውል የወንጀል መዝገብን በአንድ ዓይነት መንገድ መመርመርን በሁሉም ላይ ስላላስገደደ፣ አንዳንድ ግዛቶች ለመግባት አመነቱ። ስለዚህ ተሻሽሎ የተጻፈው ውል ከጥር 19 ቀን 2018 ጀምሮ የቀድሞውን ተካ። እስከ 2024 መጨረሻ ድረስ ከ40 በላይ ግዛቶች በሕግ ተቀብለውታል፤ ቴክሳስ፣ ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ጆርጂያ፣ ኮሎራዶና ዋሺንግተን ግዛት ከእነዚሁ መካከል ናቸው። በዚያው ጊዜ ካሊፎርኒያ፣ ኒው ዮርክ፣ ሚኔሶታና ዋና ከተማዋ ዋሺንግተን ዲሲ ከውሉ ውጭ ነበሩ።

ውሉ የሚሠራው እንዲህ ነው። በውሉ ውስጥ ባለ ግዛት ቋሚ መኖሪያ ያለው ነርስ፣ የተወሰኑትን መመዘኛዎች ካሟላ፣ በውሉ ውስጥ ባሉት ግዛቶች ሁሉ የሚያሠራ አንድ ፈቃድ ከመኖሪያ ግዛቱ ያገኛል። መመዘኛዎቹ 11 ናቸው፤ ኤንክሌክስን ማለፍ፣ በጣት አሻራ መመርመር፣ በከባድ ወንጀል አለመቀጣትና የሶሻል ሴኩሪቲ ቍጥር መያዝ በውስጣቸው ይገኛሉ። ቋሚ መኖሪያ በቃል ብቻ አይረጋገጥም፤ መንጃ ፈቃድ፣ የመራጭነት ምዝገባና የፌዴራል ግብር የተከፈለበት አድራሻ ይታያሉ። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው ለብዙ ግዛት የሚያገለግል ፈቃድ አንድ ብቻ ነው።

ውሉ ሕጎቹን አንድ አላደረጋቸውም። ነርስ የምትገዛው በሽተኛው ባለበት ግዛት ሕግ ነው። በቴክሳስ ተቀምጣ በካሊፎርኒያ ያለውን በሽተኛ በስልክ የምታስታምም ነርስ በሕግ ዓይን የምትሠራው በካሊፎርኒያ ነው፤ ስለዚህም የካሊፎርኒያ ፈቃድ ያስፈልጋታል። ጥፋት ቢገኝም የሥራው ግዛት በወሰኑ ውስጥ የመሥራት መብቷን ሊያግድ ይችላል፤ ፈቃዱን ራሱን የመሰረዝ ሥልጣን ግን የሰጪው ግዛት ነው።

5ኛ/ ሦስት ምሳሌዎች

ነገሩን ለማስረዳት ሦስት ምሳሌዎች ይበቃሉ። በመጀመሪያው ምሳሌ፣ አንዲት ነርስ ከዳላስ ተነሥታ ወደ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ብትሄድ፣ ሁለቱም ግዛቶች በውሉ ውስጥ ስለ ሆኑ በቴክሳሱ የብዙ ግዛት ፈቃዷ ወዲያው ሥራ ልትጀምር ትችላለች። ሆኖም ቨርጂኒያ አዲስ ቋሚ መኖሪያዋ ከሆነች፣ በ2024 መጀመሪያ በጸናው ደንብ መሠረት በ60 ቀን ውስጥ ለቨርጂኒያ ቦርድ ማመልከት አለባት። አዲሱ ፈቃድ ሲሰጣት የቴክሳሱ ሥራውን ያቆማል። «ውል ስላለ ምንም አያሻኝም» ብላ ዓመት ብታሳልፍ ደንብ አፈረሰች ማለት ነው።

በሁለተኛው ምሳሌ፣ ያችው ነርስ ወደ ሚኒያፖሊስ ብትሄድ፣ ሚኔሶታ እስከ 2024 መጨረሻ ከውሉ ውጭ ስለ ነበረች፣ በኢንዶርስመንት የሚኔሶታን ፈቃድ ሳታገኝ ልትሠራ አትችልም። በዚያም ላይ መኖሪያዋን ከውሉ ግዛት ስላወጣች፣ የቴክሳሱ ፈቃድ ለብዙ ግዛት ማገልገሉ ቀርቶ በቴክሳስ ውስጥ ብቻ የሚያሠራ ይሆናል። እንዲህ ያለው ጕዞ የሚያስፈልገው ማመልከቻ ቤት ከመልቀቅ በፊት፣ ገና በቀድሞው ሥራ ላይ ሳሉ መቅረብ ይኖርበታል።

ሦስተኛው ምሳሌ ብዙ የሐበሻ ቤተሰቦች ከሚኖሩበት ከዋና ከተማዋ አካባቢ ነው። በሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ የምትኖር ነርስ የብዙ ግዛት ፈቃድ ካላት፣ ወንዙን ተሻግራ በቨርጂኒያ ብትሠራ የሚከለክላት የለም። ነገር ግን ከቤቷ አጠገብ ያለውን ወሰን አልፋ በዋሺንግተን ዲሲ ሆስፒታል ለመቀጠር፣ የዲሲን የራሱን ፈቃድ መጠየቅ ነበረባት። የሩቁ ተፈቅዶ የቅርቡ መከልከሉ ለብዙዎች እንግዳ ነገር ይመስላል፤ ይሁን እንጂ የሚቈጠረው የመንገዱ ርቀት ሳይሆን የሕጉ ወሰን ነው።

ከዚህ ደንብ ውጭ የሆነም አለ። ማዕከላዊው መንግሥት በሚያስተዳድራቸው የጦር አርበኞች ሆስፒታሎች፣ ከማንኛውም ግዛት የተሰጠ የጸና ፈቃድ ያላት ነርስ በየትኛውም ግዛት ባለ ሆስፒታል ልትሠራ ትችላለች። እንዲሁም በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ብዙ የግዛት ገዥዎች ከሌላ ግዛት ለመጡ ነርሶች ወሰኑን በአስቸኳይ ትእዛዝ ከፈቱ። ክፉው ጊዜ ሲያልፍ ግን ትእዛዞቹ አብቅተዋል፤ በዚያ ለመቅረት የፈለጉትም ፈቃድ እንዲያወጡ ተገደዋል።

6ኛ/ በትውልድ አገራቸው ለተማሩ ነርሶች

በኢትዮጵያ ወይም በሌላ አገር የተማሩ ነርሶች ከሁሉ ይልቅ መጠንቀቅ ያለባቸው በማስረጃቸው ነው። ትምህርታቸው ከአሜሪካው ጋር የሚመጣጠን መሆኑ በገለልተኛ መርማሪ ድርጅት መረጋገጥ አለበት፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ካልተሰጠም የቋንቋ ፈተና ይጠየቃል። ቀድሞ ሲ.ጂ.ኤፍ.ኤን.ኤስ. ይባል የነበረውና ከ2025 ጀምሮ ትሩሜሪት የተባለው ድርጅት ከነዚህ መርማሪዎች አንዱ ነው። መርማሪው የሚፈልገው ነርሷ በእጇ የያዘችውን ግልባጭ ሳይሆን፣ ከትምህርት ቤቱ በቀጥታ የተላከለትን ነው። አንዱ ግዛት የተቀበለውን ምርመራ ሌላው እንደ ገና ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ግዛት የምትለውጥ ነርስ ይህን አስቀድማ መጠየቅ ይገባታል።

ሁለት ነገሮች በተለይ ብዙ ጊዜ ያባክናሉ። አንደኛው ስም ነው። በአገራችን ልማድ ሰው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራል፤ በዚያ አገር ግን የመጨረሻው ስም የቤተሰብ ስም ተደርጎ ይያዛል። በዚህ ላይ አንዱ ስም በላቲን ፊደል በዲፕሎማው አንድ ዓይነት፣ በፓስፖርቱ ሌላ ዓይነት፣ በፈቃዱ ሦስተኛ ዓይነት ተጽፎ ይገኛል። ቦርዱ ሦስቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ሁለተኛው የዘመን አቈጣጠር ነው። በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተጻፈ የልደት ወይም የምርቃት ቀን ከአውሮፓው በ7 ወይም በ8 ዓመት ይለያል፤ ሳይመነዘር የቀረበ እንደ ሆነ ነርሷ ሳትማር የተመረቀች ወይም በልጅነቷ የሠራች ያስመስላታል። ስለዚህ በሁሉም ወረቀት ላይ ስም በአንድ ፊደል አጻጻፍ እንዲሆን ማድረግ፣ የማይታረመውንም በሕጋዊ ቃለ መሐላ ማስረዳት፣ ቀኑንም አስመንዝሮ ማቅረብ ያስፈልጋል።

7ኛ/ የነርስ ረዳቶች

ውሉ የሚመለከተው የተመዘገቡ ነርሶችንና ከእነርሱ ዝቅ ባለው ደረጃ ፈቃድ ያላቸውን ነርሶች ብቻ ነው። ብዙ ስደተኞች ሥራ የሚጀምሩበት የነርስ ረዳትነት በውሉ ውስጥ አይገባም። በ1987 የወጣው የፌዴራል ሕግ በአረጋውያን መታከሚያ ቤቶች የሚሠሩ ረዳቶች ቢያንስ 75 ሰዓት እንዲሠለጥኑና እያንዳንዱ ግዛት የረዳቶች መዝገብ እንዲኖረው አዘዘ። ስለዚህ ግዛት የሚለውጥ ረዳት በአዲሱ ግዛት መዝገብ ለመስፈር ለብቻው ያመለክታል። 75ቱ ሰዓት ዝቅተኛው መጠን ስለ ሆነና አንዳንዱ ግዛት ከዚያ በላይ ስለሚጠይቅ፣ ያልጠበቀው ተጨማሪ ሥልጠና ሊገጥመው ይችላል።

8ኛ/ ማጠቃለያ

ይህ ሁሉ ውጣ ውረድ ለሠራተኛው ከባድ ቢመስልም ምክንያት የሌለው አይደለም። በአልጋ ላይ የተኛ በሽተኛ መድኀኒቱን የምትሰጠውን ነርስ ሊመርጣት፣ ወረቀቷንም ሊመረምር አይችልም፤ በእርሱ ፈንታ የሚመረምርለት ቦርዱ ነው። በአንድ ግዛት በጥፋት የታገደ ሰው ወሰን ተሻግሮ በሌላው እንደ ንጹሕ እንዳይቀጠር የሚከለክለውም ይኸው መጠያየቅ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ምስክር ከቦርድ ወደ ቦርድ ሲዘገይ፣ በቂ ችሎታ ያላት ነርስ በቤቷ ትቀመጣለች፤ በሆስፒታሉም ያለው በሽተኛ አስታማሚ ይጠባበቃል። የግዛቶቹ ውል እነዚህን ሁለት ችግሮች ለማስታረቅ የተደረገ ሙከራ ነው። እያንዳንዱ ግዛት ሥልጣኑን እንደያዘ፣ የጎረቤቱን ምርመራ ማመን የቻለው በሁለቱም ዘንድ መመዘኛው አንድ በመሆኑ ነው።

ስለዚህ ግዛት ለመለወጥ ያሰበ ነርስ በቅድሚያ አራት ነገሮችን ይመርምር፤ የሚሄድበት ግዛት በውሉ ውስጥ መሆኑን፣ የያዘው ፈቃድ የአንድ ግዛት ወይም የብዙ ግዛት መሆኑን፣ ቋሚ መኖሪያው በሕግ ዓይን የት እንደ ሆነ፣ ወረቀቶቹም በስምና በዘመን እርስ በርሳቸው መስማማታቸውን። እነዚህን አራቱን አጣርቶ፣ በቀድሞው ሥራው ላይ ሳለ ያመለከተ ሰው፣ ዕቃውን የሚጭንበትን ቀን የሚቈርጠው ፈቃዱ መቼ እንደሚወጣ ከቦርዱ ካወቀ በኋላ ይሆናል።